የተቀበሉትን መጠበቅ፥ የወደቀውንም መቀበል



በዚህ ወር በየቤተሰቡ መካከል አዘውትሮ ስለሚነሣ፥ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በጠብ ወይም በዝምታ ስለሚያልቅ አንድ ጥያቄ ልንነጋገር አስበናል። ጥያቄውም፦ «አንድ ክርስቲያን ካመነና ከተጠመቀ በኋላ ድኅነቱን ሊያጣ ይችላልን?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ወደ ቤታችን በሁለት በር ይገባል። በአንደኛው በር ይዞት የሚመጣው ከትምህርት ቤት ወይም ከሥራ ቦታ አዲስ ነገር የሰማ ወጣት ነው። «እኔ አምኛለሁ፤ ድኛለሁም፤ ከእንግዲህ ወዲያ ድኅነቴን የሚያሳጣኝ ነገር የለም» ብሎ በማዕድ ላይ ሲናገር አባት ይቈጣል፥ እናት ታለቅሳለች፤ ነገሩን በዕርጋታ የሚያስረዳው ግን አይገኝም። በሁለተኛው በር የሚገባው ድምፅ የለውም። እርሱም ከብዙ ዓመት በፊት ስለ ሠራው ኀጢአት፥ ወይም በጭንቅ ቀን ሃይማኖቱን ስለ መካዱ፥ «እኔማ ጠፍቻለሁ፤ ለእኔ ምን ንስሐ አለኝ» ብሎ በልቡ ፈርዶ፥ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ ቆሞ ተሳልሞ የሚመለስ ሰው ነው። የፊተኛው ልጠፋ አልችልም ይላል፤ የኋለኛው ልገኝ አልችልም ይላል። ንግግራቸው የተለያየ ቢመስልም መጨረሻቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ንስሐ አይገቡምና። ስለዚህ ለሁለቱ በአንድነት የሚሆን መልስ ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ልናቀርብ እንወዳለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው የውጭ ታሪክ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

አስቀድሞ ድኅነት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ወንዱ ልጅ በተወለደ በአርባ ቀኑ፥ ሴቲቱ ልጅ በሰማንያ ቀኗ ወደ ጥምቀት ይወሰዳሉ። ሕፃኑ ገና አፉን አልፈታም፤ ጾም አልጾመም፤ ምጽዋት አልመጸወተም። ነገር ግን ከውኃና ከመንፈስ ቅዱስ ይወለዳል፤ በቅዱስ ሜሮን ይታተማል፤ ሥጋውንና ደሙን ይቀበላል፤ በአንገቱም ማዕተብ ይታሰርለታል። እንግዲህ ድኅነት በመጀመሪያ ስጦታ እንጂ ደመወዝ አለመሆኑን ቤተ ክርስቲያናችን ከዚህ በላይ በምን ታስተምር? በክንድ ላይ የተኛ ሕፃን በሥራው ምንም አላገኘምና።

ይሁን እንጂ ስጦታ የተቀበለ ሰው ስጦታውን ይይዘዋል፥ ይጠብቀዋል፥ ይሠራበታል። ሐዋርያት ስለ ድኅነት ሲጽፉ ስለ ሦስት ዘመን ይናገራሉ። ጌታችን በመስቀሉ አዳነን፤ ይህ ያለፈው ነው። ዛሬም በየዕለቱ በጸጋው እየረዳን ያድነናል፤ ይህ የአሁኑ ነው። በመጨረሻውም ቀን የዘላለምን ሕይወት ያወርሰናል፤ ይህም የሚመጣው ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን የሚተው ሰው መንገዱን ገና በጀመረበት ስፍራ «ደርሻለሁ» ብሎ ከበቅሎው እንደሚወርድ መንገደኛ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። «የዳነ ሰው ከቶ አይጠፋም» የሚለው ትምህርት ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። ይህን ትምህርት በጉባኤ አጽንተው የወሰኑት፥ በ1618 እና በ1619 በኔዘርላንድስ በዶርድሬክት ከተማ የተሰበሰቡት የካልቪን ተከታዮች ናቸው። ለተከራካሪም ቢሆን እውነትን መመስከር ይገባልና፥ እነዚህ ሰዎች «አምናችሁ እንደ ፈለጋችሁ ኀጢአት ሥሩ» አላሉም። እውነተኛ አማኝ በጽኑ ሊወድቅ እንደሚችል ያምናሉ፤ ነገር ግን እግዚአብሔር እስከ መጨረሻው አይተወውም ይላሉ። የፕሮቴስታንት ወገኖችም ቢሆኑ በዚህ ነገር አንድ ቃል አይደሉም። የሉተር ተከታዮች በ1530 በአውግስቡርግ ያቀረቡት የእምነት መግለጫ፥ አንድ ጊዜ የጸደቀ ሰው መንፈስ ቅዱስን ሊያጣ አይችልም የሚሉትን ሰዎች ይነቅፋል። በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የተነሣው ዮሐንስ ዌስሊም አማኝ ከጸጋ ሊወድቅ እንደሚችል አስተምሯል። እንግዲህ ልጃችን «ወንጌል የሚያምኑ ሁሉ እንዲህ ይላሉ» ቢለን፥ እንዲህ እንዳልሆነ ሳንቈጣ ልናስረዳው እንችላለን።

ለዚህ ትምህርት የሚጠቀሰው ዋናው ቃል ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል በዐሥረኛው ምዕራፍ ስለ በጎቹ የተናገረው ነው፤ በዚያም ከእጁ ማንም ሊነጥቃቸው እንደማይችል ተናግሯል። ይህ ቃል እውነት ነው፤ ምእመናንም ሊጽናኑበት ይገባል። ሰይጣን ሊነጥቀን አይችልም፤ ንጉሥ በሰይፉ ሊነጥቀን አይችልም፤ ድህነትም በሽታም ሞትም ሊነጥቁን አይችሉም። ነገር ግን ጌታችን በዚያው ስፍራ በጎቹ ድምፁን የሚሰሙና የሚከተሉት መሆናቸውን አስቀድሞ ተናግሯል። መነጠቅ ሌላ ነው፥ በገዛ እግር መውጣት ሌላ ነው። በዚያው ወንጌል በዐሥራ አምስተኛው ምዕራፍም ራሱን በወይን ግንድ፥ እኛንም በቅርንጫፍ መስሎ ሲያስተምር፥ በእርሱ የማይኖር ቅርንጫፍ ወደ ውጭ ተጥሎ እንደሚደርቅ ያስጠነቅቃል። ይደርቃል የተባለውም በግንዱ ላይ የነበረው ቅርንጫፍ ነው፤ ከግንዱ ጋር ከቶ ያልተገናኘ እንጨትማ ተቈረጠ አይባልም።

ቅዱስ ጳውሎስን እናስብ። እስከ ሦስተኛው ሰማይ የተነጠቀ፥ ጌታን በመንገድ ያየ፥ ስለ ስሙ የተገረፈና የታሰረ ሐዋርያ ሲሆን፥ ለሌሎች ሰብኮ ራሱ የተጣለ እንዳይሆን ሥጋውን እየጐሰመ እንደሚያስገዛ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። ጳውሎስ ከፈራ እኛ ያለ ፍርሃት ልንኖር እንዴት ይቻለናል? የሥራ ባልደረባው የነበረው ዴማስም በሌሎች መልእክቶች ከሐዋርያው ጋር ሆኖ ሰላምታ ሲያቀርብ ይገኛል፤ በኋላ ግን ይህን ዓለም ወድዶ ሐዋርያውን ትቶ ወደ ተሰሎንቄ መሄዱን በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት እናነባለን። ዴማስን ያስኰበለለው ሰይፍ አልነበረም፤ የዓለም ፍቅር ነበር።

መጋቢት 13 ቀን ቤተ ክርስቲያናችን የምታስባቸው የሰባስቲያ አርባ ጭፍሮች ታሪክ ከዚህ ጋር ይስማማል። ሰባስቲያ ዛሬ በቱርክ አገር የምትገኘው ሲቫስ የምትባለው ከተማ ናት። በ320 ገደማ፥ በንጉሡ በሊቅንዮስ ዘመን፥ አርባ ክርስቲያን ወታደሮች ሃይማኖታቸውን አንክድም ስላሉ በክረምት ሌሊት ራቁታቸውን በበረዶ ላይ እንዲቆሙ ተፈረደባቸው። የሚክድ ቢኖር ገብቶ ይሞቅ ዘንድ በአጠገባቸው የሞቀ መታጠቢያ ተዘጋጅቶ ነበር። ሌሊቱ በከበደ ጊዜ ከአርባው አንዱ ብርዱን መታገሥ አቅቶት ወደ ሙቀቱ ሮጠ፤ እንደ ገባም ወዲያው ሞተ። ይጠብቃቸው ከነበሩት ወታደሮች አንዱ ግን አክሊላት ሲወርዱ አይቶ፥ ልብሱን ጥሎ «እኔም ክርስቲያን ነኝ» ብሎ በመካከላቸው ቆመ፤ ቍጥራቸውም እንደ ገና አርባ ሆነ። ያ የሮጠው ሰው በቀኑ ከሌሎቹ ጋር የታመነ፥ እኩሌታውንም ሌሊት ከእነርሱ ጋር የቆመ ነበረ። መጀመሩ ግን መፈጸሙን አልተካለትም። አክሊሉም መሬት ላይ ወድቆ አልቀረም፤ ሌላ ሰው አነሣው።

እንግዲህ ለጥያቄው የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፦ አዎን፥ ሰው የተሰጠውን ድኅነት ሊያጣ ይችላል። የሚያጣውም ሌላ ነጥቆት ሳይሆን ራሱ ትቶት ነው። ደግሞም ከኪስ እንደ ወደቀ ሳንቲም ሳያውቀው የሚጠፋበት አይደለም፤ በአንድ ቀን ስሕተትም እግዚአብሔር ከልጅነት መዝገብ አይፍቀውም። ብዙውን ጊዜ ሰው የሚርቀው በጥቂት በጥቂቱ ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለበጎ ብቻ ሳይሆን ለክፉም ይሠራል። መጀመሪያ የማለዳ ጸሎት ይቀራል፤ ከዚያ የሰንበት ቅዳሴ ይቀራል፤ ከዚያ የንስሐ አባት ስልክ ሲደውሉ «የለሁም በሉ» ይባላል፤ በመጨረሻም የቀረው ነገር እንደ ቀረ እንኳ አይታወስም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብናቆም ግማሹን እውነት ብቻ ተናግረን ያን በሁለተኛው በር የገባውን ዝምተኛ ሰው እንገድለዋለን። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የወደቁትን እንዴት እንደ ተቀበለች እንናገር።

በ249 መጨረሻና በ250 መጀመሪያ የሮሙ ንጉሥ ዳክዮስ፥ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ፥ ከመሥዋዕቱም እንዲቀምስ፥ ይህንም ስለ መፈጸሙ ከሹሞች የምስክር ወረቀት እንዲቀበል አዘዘ። ከእነዚያ ወረቀቶች ከአርባ የሚበልጡ በግብፅ ምድር በአሸዋ ውስጥ ተገኝተው እስከ ዛሬ አሉ። በወረቀቱ ላይ የሰውየው ስምና የመንደሩ ስም ይጻፋል፤ ለአማልክት ዘወትር ሲሠዋ እንደ ኖረና አሁንም በሹሞቹ ፊት እንደ ሠዋ ይመሰክራል፤ ሹሞቹም ይፈርሙበታል። በዚያን ጊዜ ብዙዎች ጸንተው በሰማዕትነት ሞቱ፤ የሮሙ ኤጲስ ቆጶስ ፋብያኖስም በ250 ጥር ወር ከእነርሱ አንዱ ሆነ። ብዙዎች ግን ወደቁ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ዲዮናስዮስ ስለ ከተማው ሲጽፍ፥ አንዳንዶቹ ራሳቸው የሚታረዱ ይመስል ገርጥተውና ተንቀጥቅጠው ወደ መሠዊያው እንደ ቀረቡ፥ አንዳንዶቹ በድፍረት ሮጠው ከቶ ክርስቲያን አልነበርንም እንዳሉ፥ አንዳንዶቹም ታስረው ጥቂት ቀን ከታገሡ በኋላ እንደ ካዱ ይተርካል። ከዚህም ሌላ፥ ሳይሠዉ ለሹም ገንዘብ ሰጥተው ወረቀቱን ብቻ የገዙ ነበሩ። እነዚህ «እጃችን አልሠዋም፤ ወረቀት ብቻ ነው» እያሉ ኅሊናቸውን ያጽናኑ ነበር።

ስደቱ ጋብ ባለ ጊዜ እነዚህ ሁሉ እያለቀሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተመለሱ። ታዲያ ምን ይደረግላቸው? በሮም ኖቫትያኖስ የተባለ ቄስ፥ ቤተ ክርስቲያን የንጹሓን ናትና የካዱትን መልሳ ልትቀበል አይገባትም ብሎ በ251 ከቤተ ክርስቲያን ተለይቶ የራሱን ወገን አቆመ። በሌላ ወገን ደግሞ ያለ አንዳች ንስሐ ዛሬውኑ ይቍረቡ የሚሉ ተነሡ። በሰሜን አፍሪካ፥ በዛሬይቱ ቱኒዚያ የነበረችው የቅርጣግና ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ቆጵርያኖስ ግን በ251 ከወንድሞቹ ኤጲስ ቆጶሳት ጋር ተሰብስቦ መካከለኛውን መንገድ ያዘ፦ በሩ አይዘጋም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ እንደ አወዳደቁ ይመርመር፤ ቀኖና ይቀበል፤ ከዚያም ይግባ። ወረቀት የገዙትም ቢሆኑ ሸክማቸው የቀለለ ነው እንጂ ምንም አልበደሉም አልተባለም። ጥቂት ቈይቶ ሌላ ስደት በተቃረበ ጊዜ፥ በንስሐ የጸኑት ሁሉ ሥጋ ወደሙን እንዲቀበሉ ተፈቀደ፤ የክርስቶስን ደም ያልጠጣ ሰው ደሙን ስለ ክርስቶስ ሊያፈስ እንዴት ይችላል ተብሎ ነው። ቆጵርያኖስም ራሱ መስከረም 14 ቀን 258 አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ።

ከዚህ ዘመን ከተረፉት ታሪኮች ሁሉ ለቤተሰብ የሚገባው ግን ያው ዲዮናስዮስ የጻፈው የሽማግሌው የሰራፕዮን ታሪክ ነው። የእስክንድርያ መንበር አገራችን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ ጳጳሳቷን ስትቀበልበት የኖረች መንበር ናትና፥ ታሪኩ ከቤታችን የራቀ አይደለም። ሰራፕዮን ዕድሜውን ሁሉ ያለ ነቀፋ የኖረ ሰው ነበረ፤ በስደቱ ቀን ግን ሠዋ። ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ይቅርታ ለመነ፤ ስለ ሠዋ ግን የሚሰማው አላገኘም። በመጨረሻ ታመመ፤ ሦስት ቀንም አፉ ተይዞ ራሱን ሳያውቅ ተኛ። በአራተኛው ቀን ጥቂት ነቃ ብሎ የልጁን ልጅ ጠራና፥ እስከ መቼ ታቈዩኛላችሁ፥ ፈጥነህ ቄስ ጥራልኝ አለው። ይህንም ብሎ እንደ ገና ዝም አለ። ልጁ በሌሊት ወደ ቄሱ ሮጠ። ቄሱ ታሞ ስለ ነበረ ሊመጣ አልቻለም፤ ነገር ግን የሚሞቱ ሰዎች፥ ይልቁንም አስቀድመው የለመኑ ከሆነ፥ በተስፋ እንዲሄዱ ሥርየት እንዳይከለከሉ ዲዮናስዮስ አዝዞ ነበርና፥ ከቅዱስ ቍርባኑ ጥቂት ሰጥቶ በውኃ አርሶ በሽማግሌው አፍ እንዲያደርግ ልጁን ላከው። ይህ የዚያ የጭንቅ ዘመን ነገር ነው፤ በእኛ ሥርዓት ከካህናት በቀር ማንም ቅዱስ ቍርባንን አይዝም። ልጁ ገና ከመግባቱ በፊት ሰራፕዮን ነቃና፥ መጣህን ልጄ፥ ቄሱ መምጣት አልቻለም፥ አንተ ግን የታዘዝኸውን ፈጽመህ አሰናብተኝ አለው። ልጁም እንደ ታዘዘው አደረገ፤ ሽማግሌው ጥቂት እንደ ዋጠ ነፍሱ ወጣች። ዲዮናስዮስ ይህን ጽፎ፥ ይህ ሰው ሥርየት እስኪያገኝ ድረስ በእግዚአብሔር መጠበቁ ግልጥ አይደለምን ብሎ ይጠይቃል።

አንባቢዎቻችን ይህን ልብ ይበሉ። ሰራፕዮን አልወደቀም አልተባለም፤ ወድቋል። ጥፋቱም ቀላል ነው አልተባለም፤ ከባድ ነበር። ሰዎችም ደጃቸውን ዘግተውበት ነበር። እግዚአብሔር ግን ነፍሱን ሳይወስድ ሦስት ቀንና ሌሊት ጠበቀው። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንትም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ያለ ግዴታና ያለ ሥቃይ በሊቅንዮስ ዘመን የካዱት ሰዎች በሦስት ደረጃ፥ በድምሩ ለ12 ዓመት፥ በንስሐ እንዲቈዩ በ11ኛው ቀኖና ወሰኑ፤ ነገር ግን ከሰው ማንም በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ስንቁን፥ ይኸውም ቅዱስ ቍርባኑን፥ እንዳይነፈግ በ13ኛው ቀኖና አዘዙ። ቀኖናው ረጅም ነበረ፤ በሩ ግን አልተዘጋም።

ምናልባት አንድ ያነበበ ሰው፥ ወደ ዕብራውያን በተጻፈው መልእክት በስድስተኛው ምዕራፍ፥ ብርሃን ከበራላቸው በኋላ የካዱትን እንደ ገና ለንስሐ ማደስ እንደማይቻል ተጽፎ የለምን ይለን ይሆናል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን ሲተረጕም፥ ሐዋርያው የከለከለው ንስሐን ሳይሆን በሁለተኛ ጥምቀት መታደስን ነው ብሏል፤ ክርስቶስ የተሰቀለው አንድ ጊዜ ነውና ጥምቀትም አንዲት ናት። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን የካደ ሰው ሲመለስ ዳግመኛ ክርስትና አታነሣውም፤ መጽሐፈ ቄድር የሚባለውን የንስሐ መጽሐፍ ጸልያለት፥ ጸሎት በተደረገበት ውኃ አንጽታ ትቀበለዋለች እንጂ። የዚህ መጽሐፍ መኖር ብቻውን ለጥያቄያችን ሁለት መልስ ይሰጣል። ካህናት ይህን መጽሐፍ መያዛቸው ሰው ሊወድቅ እንደሚችል ያሳያል፤ የሚጸለይበትም ሰው ሊነሣ ስለሚችል ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን እንመለስ። በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በሊቢያ ምድር በስደት ላይ የነበሩ ወንድሞቻችን ክርስትናቸውን አንክድም ብለው እንደ ታረዱ መላው ዓለም አይቷል። በእነርሱ እንመካለን፤ ልጆቻችንም ታሪካቸውን ሊያውቁ ይገባል። ነገር ግን ሁሉ እንደ እነርሱ ሊጸና አልቻለም። እንጀራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገሮች ከሄዱ እኅቶቻችን መካከል፥ የጕዞው ሰነድ እንዲሳካ ስማቸውን በሌላ ስም ያስጻፉ፥ ማዕተባቸውን ፈትተው በሻንጣ ሥር የሸሸጉ፥ አንዳንዶቹም በአሠሪዎቻቸው ፊት ክርስቲያን አይደለሁም ያሉ እንዳሉ በየቤቱ የሚታወቅ፥ ግን የማይነገር ነገር ነው። ከ1700 ዓመት በላይ ያለፈበት የዳክዮስ ወረቀት በእኛ ዘመን እንደ ገና የተጻፈ ይመስላል። እነዚህ እኅቶች የላኩት ገንዘብ ቤት ሠርቷል፥ ወንድም አስተምሯል፥ እናት አሳክሟል። ሲመለሱ ግን አንዳንዶቹ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ማለፍ ያስፈራቸዋል።

እንዲህ ያለች ልጅ ያለችበት ቤተሰብ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ «ምንም አይደለም፤ ወረቀት ብቻ ነው» አይበላት። ኅሊናዋ ምንም አይደለም እንዳላላት ራስዋ ታውቃለች፤ ቍስል የለም የተባለ ሰውም አይታከምም። ዳግመኛም «አንቺማ ሃይማኖትሽን ሽጠሽ የመጣሽ» ብሎ በቍጣ ቀን አያውጣባት፤ የሸጠችው ነገር ቢኖር ዋጋውን አብረን በልተናልና። ታሪኳን ለጎረቤት ወይም ለዕድር ጓደኛ አያውራ። በዕርጋታ የንስሐ አባትን ቤት ድረስ ይጥራላት፤ ብቻዋን እንድትናገር ይተዋት፤ የታዘዘችውንም ቀኖና ስትፈጽም አብሯት ይጹም፥ አብሯት ይስገድ። ከተቻለም እናቷ በሰማንያ ቀኗ ያሠረችላትን ዐይነት ማዕተብ እንደ ገና በአንገቷ ትሠርላት። የጠፋው ልጅ በተመለሰ ጊዜ አባቱ ገና በሩቅ ሳለ አይቶት እንደ ሮጠ ወንጌል ይነግረናል፤ በደጅ ቆሞ አልገባም ያለው ታላቅ ወንድሙ ነበር። በየቤታችን የአባቱን ቦታ እንያዝ እንጂ የታላቅ ወንድሙን ቦታ አንያዝ።

በዚህ በጠፋው ልጅ ምሳሌ ውስጥም የጥያቄያችን ፍጻሜ ይገኛል። ልጁ በሩቅ አገር ከእሪያ ጋር ሳለ የአባቱ ልጅ መባሉ አልቀረም፤ ቢሆንም አባቱ ስለዚያ ዘመን ሲናገር ልጁ ሞቶ እንደ ነበረ፥ ጠፍቶም እንደ ነበረ ተናግሯል። ልጅነቱ በሩቅ አገር ከሞት አላዳነውም፤ የአባቱ ፍቅር ግን እስኪመለስ ድረስ ቦታውን ለሌላ አልሰጠበትም።

ከመደምደማችን በፊት ስለ ራሳችን ቤት አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። «አንድ ጊዜ ድኛለሁ» የሚለውን ትምህርት በልጆቻችን አፍ ስንሰማ እንቈጣለን፤ ይገባልም። ነገር ግን በብዙ ኦርቶዶክሳዊ ቤት ሕፃኑ እስኪያድግ ይቈርባል፤ ጕርምስና ሲመጣ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ «ገና ነኝ፤ አልበቃሁም፤ ስሸመግል» እያለ ሠላሳና አርባ ዓመት ከሥጋ ወደሙ ርቆ ይኖራል። ይህ ሰው ድኅነትን አጣለሁ ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱ ግን ወደ መድኃኒቱ አያቀርበውም፤ ያርቀዋል እንጂ። ስሸመግል የሚል ሰው እንደሚሸመግል ማን ዋስ ሆኖለታል? ለሰራፕዮን የተሰጡት ሦስት ቀናት ለሁሉ ይሰጡ ዘንድ አልተጻፈም። እውነተኛ ፍርሃተ እግዚአብሔር ሰውን ከመቅደስ የሚያባርር አይደለም፤ ጫማውን አውልቆ እንዲገባ የሚያደርገው ነው እንጂ።

በአንዲት ሌሊት ሁለት ሐዋርያት ወደቁ። ይሁዳ ጌታውን በሠላሳ ብር ሸጠ፤ ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ። ሁለቱም ተጸጸቱ፤ ይሁዳ ብሩን እንኳ መልሶ ጥሏል። ልዩነታቸው ከመውደቅ በኋላ በሄዱበት መንገድ ነው። አንዱ ጸጸቱን ይዞ ወደ ገመድ ሄደ፤ ሌላው ጸጸቱን ይዞ አለቀሰና ከወንድሞቹ ጋር ቈየ፤ በባሕሩም ዳር ጌታው ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ብሎ ጠየቀው፤ በጎቹንም አደራ ሰጠው።

ስለዚህ የቆመ ሰው «አልወድቅም» አይበል፤ ጸሎቱንና ጾሙን፥ ቅዳሴውንና የንስሐ አባቱን ይያዝ። የወደቀም ሰው «አልነሣም» አይበል፤ እስትንፋሱ ሳለች በሩ አልተዘጋም። የወደቀ ዘመድ ያለበት ቤተሰብ ደግሞ እንደዚያች ሌሊት ልጅ ይሁን፤ ያ ልጅ አያቱ ይገባዋል ወይስ አይገባውም ብሎ ሲከራከር ሌሊቱን አላሳለፈም፤ ተነሥቶ ወደ ቄሱ ሮጠ እንጂ።

የተቀበልነውን እስከ ፍጻሜ የምንጠብቅበትን ጽናት፥ የወደቁትንም የምንቀበልበትን ርኅራኄ እግዚአብሔር ለሁላችን ያድለን፤ አሜን።